ተራራን በፈላ ውሃ የለካው ሰው

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን አንቷን ዳባዲን ይዘንላችሁ ቀርበናል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንቷን ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። እናቱ የአየርላንድ ሰው፣ አባቱ ደግሞ ከፈረንሳይ የባስክ ሕዝብ ነበሩ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለሄደ ያደገውና የተማረው እዚያ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ ሀገራችን መጣ። በመሀል ወደ ፈረንሳይ ደርሶ ተመለሰ እንጂ እስከ 1848 ድረስ የቆየው እዚሁ ነው። እንደ ሀገሬው ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ እናርያንና ከፋን ዞረ።

ዋና ሥራው የኢትዮጵያን ካርታ መሥራት ነበር። ካርታ ላይ ደግሞ የቦታው ከፍታ መጻፍ አለበት። ታዲያ ተራራን ማን በገመድ ይለካል? ዳባዲ የተጠቀመው በውሃና በቴርሞሜትር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ውሃውን የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ምፅዋ ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጎንደር ላይ ግን 93 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ውሃው በስንት ዲግሪ እንደፈላ ያወቀ ሰው ከፍታውን በስሌት ያገኘዋል ማለት ነው።

ግን አንድ ጣጣ አለው። ቴርሞሜትሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ተራራው 300 ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል! ቴርሞሜትር ደግሞ ይሳሳታል። ብርጭቆው ሲያረጅ በጥቂቱ ይጠብና ንባቡ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ጫፉ የድስቱን ቂጥ ከነካም ከውሃው ሙቀት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ዓይናችንን ከሜርኩሪው ጋር ትክክል ሳናደርግ ከላይ ወይም ከታች ካነበብን ደግሞ ስህተቱ የኛው ነው። ለዚህ ነው መሣሪያው በሚቀልጥ በረዶ 0፣ በባሕር ወለል ላይ በሚፈላ ውሃ 100 ማሳየቱ አስቀድሞ የሚፈተነው።

ዳባዲ ራሱም ከስህተት አላመለጠም። በ1846 የግቤን ወንዝ ምንጭ አግኝቶ የነጭ ዓባይ መነሻ ነው አለ። ሌሎች ተጓዦች ተከራከሩት፤ እሱ ግን በሐሳቡ ጸና። ግቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚፈሰው። ይህ የቴርሞሜትር ስህተት አይደለም፤ የሚፈልገውን አስቀድሞ ከመወሰን የመጣ ነው።

ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ ልኬቶቹን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። አንዳይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ባሠራው ቤት ግድግዳ ላይ ዛሬም የአማርኛ ጽሑፍ አለ። በ1897 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ከተማችን ግልገል በለስ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 97 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውሃ አፍልተን 97 ብናነብ፣ መጽሐፉ 100 ይላል ብለን ደብተራችን ላይ 100 አንጻፍ። ያየነውን እንጻፍ፤ ከዚያ ለምን ብለን መምህራችንን እንጠይቅ። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። እኛ ወባ ባለበት አካባቢ ነው የምንኖረው። የታናሽ እህታችንን ትኩሳት ስንለካ ቴርሞሜትሩን ጊዜው ሳይደርስ ከብብቷ ካወጣነው ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ትኩሳት እያላት ደህና ናት ብለን ልናስተኛት ነው። በደንብ መለካት ሰውንም ያድናል!

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።