የጊታርን ድምፅ ያቃኑት የሂሳብ ሠራተኛ ሊዮ ፌንደር

ጊታር መጫወት የማይችሉት አሜሪካዊው ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ምን መምሰል እንዳለበት ከወሰኑት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በትምህርታቸው የሂሳብ ባለሙያ፣ በዝንባሌያቸው ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበሩት ሊዮ ፌንደር ለዚህ የበቁት የሙዚቀኞችን ቅሬታ በትዕግሥት የማድመጥና የሰሙትን ጉድለት ያለመታከት የማረም ልምድ ስለነበራቸው ነው።

ፌንደር እ.ኤ.አ ኦገስት 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ ግዛት በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አቅራቢያ የብርቱካን እርሻ ከነበራቸው ወላጆች ተወለዱ። በልጅነታቸው በደረሰባቸው ሕመም አንድ ዓይናቸውን አጥተው ቀሪውን ዘመናቸውን በሰው ሠራሽ ዓይን አሳልፈዋል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት አጎታቸው ከትርፍራፊ ዕቃዎች የሠሩት ሬዲዮ የልጁን ቀልብ በመሳቡ፣ ገና በትምህርት ቤት ሳሉ ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ።

በኮሌጅ የተከታተሉት ትምህርት ግን ሂሳብ ነበር። ከዚያም በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግለዋል። በ1930ዎቹ የደረሰው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራቸውን ሲያሳጣቸው ለአጭር ጊዜ በአንድ የጎማ ድርጅት ተቀጥረው ነበር። እሱም ሳይዘልቅ በመቅረቱ እ.ኤ.አ በ1938 600 ዶላር ተበድረው በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈቱ።

ሱቁ ለፌንደር እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነላቸው። የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሹ አምፕሊፋየሮቻቸውን ለጥገና ሲያመጡ፣ የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚቃጠልና የትኛው ሽቦ ጩኸት እንደሚያስገባ በየዕለቱ የማየት ዕድል አገኙ። እ.ኤ.አ በ1945 ከሙዚቀኛው ዶክ ካውፍማን ጋር በሽርክና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችንና አምፕሊፋየሮችን ማምረት ጀመሩ። ሽርክናው በቀጣዩ ዓመት ሲፈርስ ፌንደር በስማቸው የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ1951 ቴሌካስተር የተባለውን ጊታርና ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ አቀረበ።

ጊታሮቹ ዝናን ቢያተርፉላቸውም የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ግማሹ የሚሠራው በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በ1963 የወጣው ትዊን ሪቨርብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 85 ዋት ኃይልና ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከሮች የነበሩት ይህ መሣሪያ በሁለት ቻናሎች የተከፈለ ነበር። አንደኛው ቻናል መደበኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው የገደል ማሚቶ የመሰለ ማስተጋባትና የሚርገበገብ ድምፅ የሚጨምሩ ማዞሪያዎች ነበሩት። ሁለቱም ቻናሎች የየራሳቸው የድምፅ መጠን፣ የቀጭን፣ የመካከለኛና የወፍራም ድምፅ ማዞሪያ ነበራቸው።

እነዚህን ማዞሪያዎች በአግባቡ ለመጠቀም አሠራራቸውን መረዳት ያስፈልጋል። በፌንደር ንድፍ የቀጭን፣ የመካከለኛና የወፍራም ድምፅ ማዞሪያዎች ካለው ድምፅ የሚቀንሱ እንጂ አዲስ ድምፅ የሚፈጥሩ አይደሉም። አንዱ ሲነካም የሌላው ውጤት ይለወጣል። ሦስቱም ወደ ዜሮ ከወረዱ ድምፁ ፈጽሞ ሊጠፋ ይደርሳል። ቀጭኑንና ወፍራሙን እስከ መጨረሻ ከፍቶ መካከለኛውን ዝቅ ማድረግ ለብቻ ለሚለማመድ ሰው ጆሮ የሚማርክ ድምፅ ይሰጣል። ይሁንና ከበሮና ቤዝ ሲጨመሩበት የጊታሩ ድምፅ በመሃላቸው ይዋጣል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በቅድሚያ የድምፁን መጠን በሚጫወቱበት አዳራሽ ልክ ይወስናሉ። ከዚያም ሦስቱን ማዞሪያዎች ከመካከል ጀምረው አንድ በአንድ በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክላሉ፤ ማስተጋባቱን የሚጨምሩት በመጨረሻ ነው። ቻናሉ ከአንድ በላይ ሲሆን ደግሞ በቅድሚያ ጥርት ያለውን ያቃኑና ሌላውን በእርሱ ልክ ያደርጋሉ፤ ይህም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ድምፁ በድንገት እንዳይዘል ይረዳል።

ፌንደር ዘመናቸውን ሙሉ የፈለጉት ጥርት ያለ፣ መጠኑ ሲጨምርም የማይሻክር ድምፅ ነበር። በእርሳቸው ዘንድ የድምፅ መሻከር ሊታረም የሚገባው ብልሽት ነው። ዲክ ዴል የተባለው የካሊፎርኒያ ጊታር ተጫዋች በከፍተኛ ድምፅ እየተጫወተ አምፕሊፋየሮችንና ስፒከሮችን በተደጋጋሚ ባቃጠለ ጊዜ ፌንደር ሙዚቀኛውን ድምፅ ይቀንስ ዘንድ አልጠየቁም። ይልቁንም ከረዳታቸው ፍሬዲ ታቫሬስ ጋር ሆነው መሣሪያውን ማጠንከር ቀጠሉ። ከዚህ ጥረት ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሾውማን አምፕሊፋየር ተገኘ።

ይሁን እንጂ ሙዚቀኞች ፈጣሪያቸው ባላሰቡት መንገድ መሣሪያዎቹን መጠቀማቸው አልቀረም። ቫልቮቹ ከአቅማቸው በላይ ሲሠሩ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ብዙዎች ወደዱት። በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበራቸው ጂም ማርሻል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት አምፕሊፋየር ቤዝማን የተባለውን የፌንደር ምርት መነሻ ያደረገ ነበር። በካሊፎርኒያም ራንዳል ስሚዝ የተባለው ጠጋኝ የፌንደርን አነስተኛ አምፕሊፋየር በማሻሻል ጀምሮ ሜሳ ቡጊ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ1970ዎቹ መጨረሻም ጥርት ያለውንና ሻካራውን ድምፅ በእግር መርገጫ የሚቀያይር አምፕሊፋየር አቀረበ። ፌንደር እንደ ብልሽት የቆጠሩት ድምፅ በዚህ አኳኋን የራሱ ቻናል ተሰጠው።

ጤናቸው የታወከው ፌንደር እ.ኤ.አ በ1965 ኩባንያቸውን ለሲ.ቢ.ኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጡ። አዲሱ ባለቤት በ1960ዎቹ መጨረሻ በአምፕሊፋየሮቹ የውስጥ አሠራር ላይ ያደረጋቸው ለውጦች ብዙ ተጫዋቾችን አላስደሰቱም፤ ከሽያጩ በፊት የተሠሩትም እየተፈለጉ ሄዱ። ፌንደር ግን ጤናቸው ሲመለስ ጡረታን አልመረጡም። በ1970ዎቹ ሚዩዚክ ማን በተባለው ኩባንያ፣ ከዚያም ከቀድሞ ባልደረባቸው ጆርጅ ፉለርተን ጋር በመሠረቱት ጂ ኤንድ ኤል በተባለው ድርጅት አዳዲስ መሣሪያዎችን መንደፍ ቀጠሉ። በፓርኪንሰን በሽታ ከተያዙ በኋላም የሥራ ጠረጴዛቸውን አልተዉም ነበር።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ ማርች 21 ቀን 1991 በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በቀጣዩ ዓመት ስማቸው በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ሰፍሯል፤ በ2009ም የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተበርክቶላቸዋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ጠረጴዛ ተነሥተው ለዚህ ክብር የበቁት እኚህ ሰው ለሙያተኞች ትተው ያለፉት መሣሪያ ብቻ አይደለም። የተገልጋይን ቅሬታ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ሥራ መመሪያ የመቀበል ልምዳቸውም የውርሳቸው አንድ አካል ነው።