በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተጀመረ ትምህርት ቤት

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በመጣ ቁጥር ምእመናን በተለይ ሁለት ነገሮችን ያስታውሳሉ። አንደኛው የሰማይና የምድር ንጉሥ በከብቶች በረት መወለዱን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰብአ ሰገል ከሩቅ አገር ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መምጣታቸውን ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው ሰው ከአገራችንም ከቤተ ክርስቲያናችንም ውጭ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ አፈር ወለል ባለው ጎጆ ያደገ፣ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በተጠጋ ያዘመመ ቤት ትምህርት የጀመረ፣ ከተቀበላቸውም ስጦታዎች መካከል እንደ ስድስት እንቁላሎች ልቡን የነካው እንደሌለ የመሰከረ ነውና ታሪኩ ለዚህ በዓል የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህ ሰው ጥቁር አሜሪካዊው መምህር ቡከር ዋሽንግተን ነው።

ቡከር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 በደቡባዊ አሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ፍራንክሊን በተባለው አውራጃ ውስጥ በሚገኝ የእርሻ ቦታ ነው። እናቱ ጄን በባርነት የተያዘች ሴት ስትሆን የአሳዳሪው ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ነበረች። አባቱ ነጭ ሰው መሆኑን ከመስማቱ በቀር ማንነቱን አላወቀም። የተወለደበትን ዕለትም ቢሆን በእርግጠኝነት ሳያውቅ አደገ፤ የባሪያ ልጅ ልደት የሚከበርበት ዘመን አልነበረምና። ከወንድሙ ከጆንና ከእኅቱ ከአማንዳ ጋር በአፈር ወለል ላይ በተነጠፈ ቡትቶ ይተኛ ነበር። የሚለብሰውም ከሻካራ የተልባ እግር የተሠራ ሸሚዝ ሲሆን፣ አዲስ በሆነ ጊዜ ገላን እንደ እሾኽ ይወጋ ስለ ነበር ወንድሙ ጆን አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ለብሶ ያለሰልስለት ነበር። ቡከር ይህን የወንድሙን ደግነት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። የአሳዳሪዎቹን ልጅ መጻሕፍት ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይሄድ የነበረ ሲሆን፣ ከደጃፉ አልፎ መግባት ግን ለእርሱ የተከለከለ ነበር።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1865 ሲያበቃ የባርነት ቀንበር ተሰበረ። ቤተሰቡም ወደ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማልደን ወደምትባል መንደር ተሻገረ። ሕፃኑ ቡከር በዚያ በጨው ማፍያ፣ ኋላም በድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ በጉልበቱ ሠራ። መጀመሪያ ለይቶ ያወቀው ጽሑፍ በእንጀራ አባቱ የጨው በርሜሎች ላይ ይጻፍ የነበረው 18 ቁጥር ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቱ ከየትም ብላ አንድ የፊደል መጽሐፍ አገኘችለት፤ እርሱም ያለ አስተማሪ ገጹን እያገላበጠ መማር ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1872 በሐምፕተን ለጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት መኖሩን ሰምቶ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን መንገድ ተያያዘው። ገንዘቡ በመንገድ ላይ ስላለቀበት በሪችመንድ ከተማ ከእንጨት በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር አደረ፤ ቀን ቀንም ከመርከብ ብረት እያራገፈ የዕለት ጉርሱን አገኘ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ የመግቢያ ፈተናው አንድ ክፍል መጥረግ ሆነ። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠርጎ አራት ጊዜ ወለወለው፤ መምህርቷም በመሐረብ ፈትሻ አንዲት ብናኝ ስላላገኘች ተቀበለችው። በሐምፕተን የመጽሐፍ ቅዱስን ጣዕም አወቀ፤ ከዚያም በኋላ የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛበት ማለዳ አንድ ምዕራፍ ሳያነብ ሥራ አለመጀመርን ልማድ አደረገ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1881 የሕይወቱ ዋና ሥራ መጣ። በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ሜከን በተባለው የጥጥ እርሻ አውራጃ፣ ተስኪጊ በምትባል ትንሽ ከተማ ለጥቁሮች የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲከፈት ተፈቀደ። ለዚህም ሁለት ሰዎች ተባብረው ደክመው ነበር። አንዱ ሉዊስ አዳምስ የተባለ፣ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ቆርቆሮ ሠሪና ጫማ ሰፊ ሲሆን፣ ሌላው ጆርጅ ካምቤል የተባለ፣ ቀድሞ ባሪያ አሳዳሪ የነበረ ነጭ ነጋዴ ነው። መንግሥት በዓመት 2,000 ዶላር የመደበው ለመምህራን ደመወዝ ብቻ ነበርና ዋሽንግተን በዚያ ሲደርስ መሬትም ቤትም አላገኘም።

በዚህ ጊዜ ደጇን የከፈተችለት በትለር ቻፕል የምትባለው የጥቁሮች የሜቶዲስት ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ናት። ምእመናኑ አዳራሻቸውንና ከአጠገቡ የነበረውን ያረጀ ቤት ለትምህርት ፈቀዱ። ሐምሌ 4 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. በ30 ተማሪዎች ትምህርት ተጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የተጠጋ ጎልማሶች ነበሩ። ጣሪያው ያፈስ ስለ ነበር ዝናብ በመጣ ጊዜ አንዱ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ በመምህሩ ራስ ላይ ጃንጥላ ይዘረጋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዋሽንግተን ከሐምፕተን ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ተበድሮ በከተማይቱ ዳር የሚገኝ አንድ የቆየ የእርሻ ቦታ ገዛ። በቦታው ላይ አሮጌ ማዕድ ቤት፣ በረትና የዶሮ ቤት ነበሩ። ከእነዚህም በረቱና የዶሮ ቤቱ ተጠርገው የትምህርት ክፍሎች ሆኑ። ተማሪዎቹ የመጡት ከጉልበት ሥራ ለመገላገል ስለ ነበር መሬት መመንጠሩን ጠሉት። መምህሩ ግን መጥረቢያውን አንሥቶ ፊት ፊት ቢሄድ እነርሱም አፍረው ተከተሉት። ጡብ መሥራት በጀመሩ ጊዜም የመጀመሪያዎቹ ሦስት የእሳት ምድጃዎች ተበላሹ። ዋሽንግተን ሰዓቱን አስይዞ በተበደረው 15 ዶላር አራተኛውን ሞከረ፤ ተሳካለትም። ለዓመታት ለሌላው ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ሰዎች ልጆች ጸሎት ቤታቸውን ሳይቀር በገዛ እጃቸው በሠሩት ጡብ ገነቡ።

የመሬቱ ዕዳ ይከፈል ዘንድ ኦሊቪያ ዴቪድሰን የተባለችው መምህርት፣ በኋላም የዋሽንግተን ባለቤት የሆነችው፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ዳቦና ዶሮ ሳይቀር ትለምን ነበር። አንድ ቀን ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት የሚሆን አረጋዊት ምርኩዝ ይዘው፣ ቡትቶ ለብሰው፣ ነገር ግን ንጹሕ ሆነው ወደ ዋሽንግተን ገቡ። ዕድሜያቸውን በባርነት ማሳለፋቸውን፣ ገንዘብም እንደሌላቸው ነግረውት ሲያጠራቅሙ የቆዩትን ስድስት እንቁላል ለልጆቹ ማስተማሪያ እንዲሆን ሰጡት። ትምህርት ቤቱ በኋላ ከባለጸጎች ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብሏል። መሥራቹ ግን እንደዚያ ያለ ልቡን የነካው ስጦታ እንዳላገኘ በሕይወት ታሪኩ ገልጿል። በመቅደሱ ሳጥን ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት የምናውቅ ክርስቲያኖች የአረጋዊቷ ስጦታ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት አያዳግተንም።

የመጀመሪያው የተስኪጊ የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ ዋሽንግተን አንድ ነገር አስተዋለ። በበዓሉ ዕለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሃምሳ ጊዜ ያህል ልጆች ደጃፉን እያንኳኩ ስጦታ ጠየቁት። በየመንደሩ ሲዘዋወርም ሕዝቡ ሥራውን ለአንድ ሳምንት አቁሞ በመጠጥና በጭፈራ ሲያሳልፍ አየ። በአንድ ጎጆ አምስት ልጆች ለበዓሉ የነበራቸው አንድ እስር ርችት ብቻ ነበር፤ በሌላው ጥቂት የሸንኮራ አገዳ፣ በሌላውም አንድ ማሰሮ ርካሽ አረቄ አገኘ። የባርነት ዘመን ለሕዝቡ የበዓሉን ዕረፍት ትቶለት የበዓሉን ትርጉም ግን እንዳልነገረው ተረዳ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የልደት በዓል የመስጠት በዓል መሆኑን ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹም በዓላቸውን አቅመ ደካሞችን በመርዳት ማሳለፍን ለመዱ። በአንድ ወቅት ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ረዳት ለሌላቸው አንዲት እናት ጎጆ እንደገና ሠሩላቸው። በሌላ ጊዜ ዋሽንግተን በጸሎት ቤት ካፖርት አጥቶ በብርድ ስለሚሠቃይ አንድ ወጣት ተናግሮ በማግሥቱ ማለዳ ሁለት ካፖርቶች መጡለት።

የዋሽንግተን መንገድ ነቀፌታ አልጎደለውም። እ.ኤ.አ. በ1895 በአትላንታ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች ከፖለቲካ መብት ይልቅ ለእጅ ሙያና ለኢኮኖሚ ቅድሚያ እንዲሰጡ መምከሩን ምሁሩ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1903 አጥብቆ ተቃወመ። መብት ያልተጠበቀለት ሕዝብ ያፈራውንም ሀብት ሊጠብቅ እንደማይችል የዱ ቦይስ ክርክር ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም የመድልዎ ዘመን ለሥጋቱ ምስክር ሆኗል። በሌላ በኩል ዋሽንግተን የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚነፍጉ ሕጎችን በፍርድ ቤት ለሚሞግቱ ሰዎች በምስጢር ገንዘብ ይሰጥ እንደ ነበር ከሞተ በኋላ ሰነዶቹ አሳይተዋል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቺካጎው ነጋዴ ከጁሊየስ ሮዘንዋልድ ጋር ሆኖ ለገጠር ልጆች ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበትን ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ገንዘቡን ከነዋሪው መዋጮ ጋር የሚያጣምር ነበር። ገበሬዎች መሬትና ጉልበት፣ አብያተ ክርስቲያናትም ከምእመናን ያሰባሰቡትን ሰጡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ድረስ በደቡብ ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። ድሆቹ ነዋሪዎች ያዋጡትም ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የስድስቱ እንቁላሎች መንገድ እስከዚህ ደረሰ።

ቡከር ዋሽንግተን ኅዳር 14 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. በ59 ዓመቱ በተስኪጊ ዐረፈ፤ በዚያው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀበረ። በሞተበት ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከ100 በላይ ሕንፃዎችና 1,500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ፍሬውም ወደ እኛ አገር ደርሷል። በተስኪጊ የተሽከርካሪ ጥገና የተማረው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ በኢትዮጵያ አየር ኃይል አገልግሏል። ከድል በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ ያስተማረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ ዐርፏል።

በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን ከፊደል ገበታ እስከ ቅኔ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት የትምህርት ማዕድ ሆና ኖራለች። የቆሎ ተማሪው በጎጆ ሲማር ጥሬውን የሰጡት ጎረቤቶች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። በዚህ የልደት በዓል ማዕዳችን ሲዘረጋ በሰፈራችን ደብተርና እስክሪብቶ የሚያጣ ልጅ መኖር አለመኖሩን እንጠይቅ። በእጃችን ያለው ወርቅ ባይሆን ስድስት እንቁላል አይጠፋምና።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።