ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር

ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር (1845 ዓ.ም. ገደማ – 1928 ዓ.ም. ገደማ) የወሎ እስላማዊ ሊቅ፣ ገጣሚና የአመፅ መሪ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ያዘዙበትን ዐዋጅ በመቃወማቸውና በዐረብኛ ፊደል በጻፏቸው የአማርኛ መንፈሳዊ ግጥሞች ነው።

አካባቢው

ከመንዝና ከግሼ ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ የይፋት ቆላ አለ፤ ከይፋት ወደ ሰሜን ደግሞ ደዌና ቃሉ ይከተላሉ። ደጋው በአብዛኛው ክርስቲያን፣ ቆላው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በአልብኮ ጀማ ንጉሥን የትምህርትና የመውሊድ ማዕከል ካደረጉት በኋላ በወሎ የእስልምና ትምህርት ተነቃቃ። ጦልሃ ያደጉት ይህ መነቃቃት ሥር በሰደደበት ዘመን ነበር።

ዐዋጁና አመፁ

በ1870 ዓ.ም. መጋቢት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለአፄ ዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ ሙስሊም ሹማምንትም ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ (የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው)፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ተራው ሕዝብ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሄደለትም። አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን መስሎ ውሎ ሌሊት ይሰግድ ነበር፤ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ጦልሃ በ1870ዎቹ ማብቂያ በቃሉ አካባቢ ሦስተኛውን መንገድ መርጠው ተከታዮቻቸውን ይዘው ሸፈቱ። በወሎ የተነሣውን አመፅ ለማብረድ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ። ጦልሃ ግን ከዚያ ሁሉ ተርፈው ከአፄ ዮሐንስ ሞት (መጋቢት 1881 ዓ.ም.) በኋላም ብዙ ዓመት ኖረዋል።

ግጥሞቻቸው

አመፁ ቢከሽፍም ግጥሞቹ ቀሩ፤ ምናልባትም የበለጠውን ሥራ የሠሩት እነሱ ናቸው። ሊቃውንቱ ዐረብኛ ያነብባሉ፤ ገበሬው ግን አማርኛ እንጂ ዐረብኛ አይሰማም። መስጊድና መሻይኽ በሚሳደዱበት ጊዜ ደግሞ በቃል የተያዘ መንዙማ ከኪታብ ይልቅ ለመደበቅ ይቀላል። በዐረብኛ ፊደል ሌላ ቋንቋ መጻፍ አጀሚ ይባላል። ችግሩ፣ ዐረብኛ ሦስት የአናባቢ ምልክቶች ብቻ ሲኖሩት አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ እንደ ጨ እና ኘ ላሉት ድምፆችም የዐረብኛው ፊደል ቦታ የለውም። ስለዚህ አንባቢው ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮው ካልሰማው ጽሑፉን አስተካክሎ ማንበብ ይቸግረዋል። መንዙማው በከበሮና በጭብጨባ ታጅቦ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የቆየ በመሆኑ ይህ እምብዛም እንቅፋት አልሆነም።

ሸኽ ጦልሃ ያረፉት ጣልያን አገሪቱን በወረረበት ዘመን፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ነው።