የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት፤ ችግረኛን ለማገልገል ለሚሄዱ ሁሉ ምሳሌ

አንባቢ ሆይ፥ በቂርቆስና በካዛንችስ በየጉባኤያችን ወጣቶች ስንቅና ልብስ ሰብስበው፥ መድኃኒትም ይዘው፥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ሩቅ አገር ችግረኞችን ለማገልገል ሲወጡ እናያለን። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሄደ ሁሉ አገለገለ ማለት አይደለም። ሰጪው በሰጠው ነገር ልቡ ቢታበይ፥ ተቀባዩም በመቀበሉ ቢያፍር፥ የስጦታው ደስታ ጠፍቶ ሸክሙ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ሌላውን ለማገልገል የሚሄድ ሰው ጠባዩ እንዴት ሊሆን እንደሚገባው የሚያስተምሩን አንድ የአገራችን ሰው አሉ፤ እርሳቸውም ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በዚህ ጽሕፈት የተነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው የተጠሩበት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱባቸው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱአቸው፤ ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ካለፉ በኋላ ምጥዋ ደረሱ። በዚያም የፈረንሳይ መንግሥት ምክትል ቆንስል የነበረው ቬርነር ሙንሲንገር ነጻ አወጣቸውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ለትምህርት ሰጣቸው።

እነዚህ ስዊድናውያን በ1866 ወደ ምጥዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ አስበው ነበረ፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘጋባቸው። እነርሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ልጅ በባርነት ተነድቶ እስከ ደጃቸው መጣ። ሰዎች ለክፉ ያደረጉትን እግዚአብሔር ለመልካም እንደሚያዞረው ከዚህ እናያለን፤ ይህም ሲባል የፈንጋዮቹ ክፋት ክፋት መሆኑ አይቀርም።

ልጁ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቁ። በጥምቀትም ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የተነገረለት፥ ባሪያ ሆኖ ሳለ ወንድም የተባለው ሰው ስም ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን አገር ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሃነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ተመልሰው ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ቆም ብለህ አስብ። ባሪያ የነበሩት ሰው ነጻ ወጥተዋል፤ ተምረዋል፤ በሰላም አገር ሊቀመጡ ይችሉ ነበረ። እርሳቸው ግን ተሸጠው ወደ ወጡበት አገር ለመመለስ ተነሡ። በአሬኒዩስ መሪነት በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ሞከሩ። ከአሶሳ በላይ ማለፍ ግን አልተቻለም፤ ንዳድ ያዛቸው፤ መሪው አሬኒዩስም በዚሁ ጉዞ ሞተ። የቀሩት በ1882 ደክመው ተመለሱ። ሁለተኛም ጊዜ በሌላ መንገድ ሞከሩ፤ በ1886 ዛሬ ከከተማችን በላይ እስከሚታየው እስከ እንጦጦ ደርሰው ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሁለት ጉዞ፥ ሁለቱም ያልተፈጸመ። ዛሬ ከእኛ አንዱ እንዲህ ቢደርስበት፥ እግዚአብሔር አልፈቀደም ብሎ ነገሩን በተወው ነበር። ኦነሲሞስ ግን መንገዱ ቢዘጋ ሥራው እንዳልተዘጋ አስተዋሉ። በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዙ። በእግራቸው ሊገቡበት ወዳልቻሉት አገር ቃሉ አስቀድሞ እንዲገባ ደከሙ።

በዚህም ሥራ ሌላ ትምህርት አገኙ። ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ ቋንቋቸው ጐደለባቸው። የተማረ ሰው አላውቅም ለማለት ብዙ ጊዜ ይከብደዋል፤ ለእርሳቸው ግን አልከበዳቸውም። አስቴር ጋኖ የምትባል፥ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣች የሚስዮኑ ተማሪ ነበረች፤ የአገሩን ቃልና ተረት፥ ዘፈኑንም ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ረዳት አደረጉአት። እርስዋም ቃላትን እየሰበሰበች፥ ተረትና ግጥምን እየጻፈች፥ ከትርጓሜው ሥራ ታላቁን ድርሻ ተሸከመች። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በጌቶች ዘንድ በዋጋ የተገመቱ ሁለት ሰዎች ዋጋ የማይገኝለትን ነገር ለወገናቸው አዘጋጁ።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦነሲሞስ ከአስቴርና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ወደ ወለጋ ገቡ፤ ከተነጠቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሉአቸው። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ከፍተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ። ነገር ግን ክስ ተነሣባቸው፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፥ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱና እንዳይሰብኩ አዘዙ።

ኦነሲሞስ ትእዛዙን ተቀበሉ። አላጉረመረሙም፥ ሕዝቡንም ለሁከት አላነሣሡም፤ በትምህርት ቤታቸው ተቀምጠው ለሕፃናት ፊደል ቆጠሩ። ብዙ ዓመት የናፈቁት ስብከት ተከልክሎ ሳለ በዝምታ ማገልገል ከጉዞው ሁሉ የከበደ ጉዞ ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክን ነጻነት ሰጡአቸው። አባ ገመቺስ እየተባሉ በሕዝቡ ተወድደው እስከ ሞታቸው በሥራቸው ጸኑ። በ1931 በሰኔ ወር አረፉ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ስንቅህን ከመቋጠርህ በፊት ራስህን መርምር። የምትሄድበትን ሕዝብ ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን ተምረሃልን? ከእነርሱ የምትማረው ነገር እንዳለህ አምነሃልን? ወይስ ባዶ ዕቃ ልትሞላ የምትሄድ ይመስልሃል? ችግረኛ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ ተረት፥ ዕውቀትና ክብር ያለው ሰው ነው። አስቴርን የሚሰማ ኦነሲሞስ ባይኖር፥ መጽሐፉ እንዲህ ባማረ ቋንቋ ባልተጻፈ ነበር።

ደግሞም ጉዞህ ቢሰናከል የያዝኸውን አትጣል። የሁለት ሳምንት አገልግሎት ብዙ ላያፈራ ይችላል፤ ከተመለስህ በኋላ የምታደርገው ግን ልብህን ይገልጣል። በሩቅ አገር ለማታውቀው ድሀ እያዘንህ፥ በቂርቆስ ደጅህ አጠገብ የተኛውን አልፈህ ብትሄድ፥ መንገድ ብቻ አይተህ መጣህ እንጂ አላገለገልህም። ኦነሲሞስን ያጸናቸው የጉዞ ፍቅር ሳይሆን የወገን ፍቅር ነበረ።

እግዚአብሔር መንገዱ ሲከፈት የምንሄድበትን ትሕትና፥ ሲዘጋም የምንሠራበትን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።