የእንዶዱ ሊቅ፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች እንዶድን የማያውቅ አርሶ አደር አይገኝም። እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ እውቀት ለሕዝብ ጤና ጥበቃ ሊውል እንደሚችል በምርምር ያስመሰከሩት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። የሥራ ታሪካቸው ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመረቁ። በዚያው ዓመት በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ወዲያው ከላይኛው ውሃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው፣ አንዲት አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

የግኝቱን ጥቅም ለመረዳት የበሽታውን መተላለፊያ ማወቅ ያስፈልጋል። በሽተኛው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወጥቶ፣ ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ማለት ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ ለይተዋል።

ይሁን እንጂ ግኝቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች እንደገና ይፈተን እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ግን ድሃ አገሮች በገዛ ምድራቸው በበቀለ ተክልና በገዛ ባለሙያዎቻቸው ችግራቸውን መፍታት እንደሚችሉ ከመከራከር አልቦዘኑም። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1997 በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ሲሆን፣ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ሲያውጁ፣ ሕዝቡ ራሱ በጤናው ሥራ እንዲሳተፍ ወስነዋል። በአገራችንም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው ቤት ለቤት ያስተምራሉ። የዓድዋው ሥራ በአልማ አታ ከታወጀው ሐሳብ ቀድሞ የተገኘ ምሳሌ ነው።

ቀንድ አውጣው ሞቃትና ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ስለሚስማማው፣ ብርዳማው የጮቄ ደጋ ለቢልሃርዝያ እምብዛም አይመችም። ነገር ግን በሽታው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ይገኛል፤ ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርደው አርሶ አደርም ይዞት ሊመለስ ይችላል። የመስኖ ቦይ በተስፋፋ ቁጥር ደግሞ ጥንቃቄው አብሮ መስፋፋት አለበት።

በዛሬው ጊዜ ዋናው መከላከያ በትምህርት ቤቶች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው። ኪኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ውሃውን አያጸዳም። እንዶድም ቢሆን ዓሣ ስለሚገድልና ለሚጠጣው ሰው መርዝ ስለሆነ፣ ያለ ባለሙያ ምክር ወንዝ ውስጥ አይጨመርም። የማኅበር መሪዎች ድርሻ እያንዳንዱ አባወራ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍር ማድረግ፣ ምንጮችን ማሳጠር፣ ልጆች በኪኒን እደላው ቀን ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ መከታተል ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በስብሰባ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። መድኃኒት ከከተማ ቢመጣም፣ ጤና የሚጠበቀው በመንደሩ ሰው እጅ ነው።