ከታጁራ ጠረፍ እስከ እንጦጦ አፋፍ፤ የአርቱር ራምቦ ጕዞና ሕይወት

እሑድ ጧት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በእግሩ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይከተለዋል። ጉለሌ ከባሕር ጋራ ያለው ዝምድና በዚህ ዛፍ ስም ብቻ የሚያበቃ ይመስላል፤ ሰፈሩ ደጋ ነው፤ ባሕሩም ሩቅ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ገና ሳይተከል፣ ተራራውም የንጉሥ ከተማ በነበረበት በ1879 ዓ. ም.፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሓውን በእግሩ አቋርጦ እዚህ አፋፍ ላይ የደረሰ አንድ ፈረንሳዊ ነበር። እርሱም አርቱር ራምቦ ነው። አንባቢዎቻችን ስሙን በግጥሙ ሳይሰሙት አይቀሩም፤ እኛ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ እግሩ ልናወጋ አስበናል። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ራምቦ በጥቅምት ወር 1847 ዓ. ም. በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኰንን ሲሆን ቤተ ሰቡን ትቶ ስለ ሄደ፣ ልጆቹን ያሳደገች እናቱ ናት፤ እርሷም ጥብቅ ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ተሸላሚ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ከቤት ኰብልሎ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ተይዞ ቢመለስም እንደ ገና ጠፍቶ በቤልጅግ መንደሮች በእግሩ ዞረ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጻፈው ግጥም የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ መንገድ የለወጠ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል። በ1865 ዓ. ም. በብሩሴል ከተማ ወዳጁ ባለቅኔው ቬርሌን በጥይት አቍስሎታል። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነውም ግጥም መጻፉን ፈጽሞ ተወ። እኛ የመጀመሪያ ዲግሪያችንን ይዘን ምን እንሥራ ብለን በምናስብበት ዕድሜ እርሱ ሥራውን ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

ግጥሙን ቢተውም መንገዱን አልተወም። በኅዳር 1871 ዓ. ም. የጎታርድን ተራራ በበረዶ ውስጥ በእግሩ ተሻግሮ ኢጣልያ ወረደ፤ ከዚያም በእስክንድርያ በኩል ወደ ቆጵሮስ ሄዶ በድንጋይ መፍለጫ ውስጥ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። በነሐሴ 1872 ዓ. ም. ኤደን ደርሶ በቡና ንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በታኅሣሥ 1873 ዓ. ም. ደግሞ ያው ንግድ ቤት በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ወደ ነበረችው ወደ ሐረር ላከው። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውም መግለጫ በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሞለታል።

አሁን ወደ ባሕሩ ጠረፍ እንምጣ። በጥቅምት 1878 ዓ. ም. ራምቦ ከኤደን ንግድ ቤት ወጥቶ፣ በሸዋ የቈየ ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋራ ውል ተዋዋለ። የውሉም ፍሬ ነገር 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ለንጉሠ ሸዋ ለምኒልክ ወስዶ መሸጥ ነው። ጠመንጃው በአውሮጳ ዘመኑ ያለፈበት፣ በርካሽ የተገዛ ነበር። ራምቦ በኅዳር ወር ታጁራ ሲደርስ ጕዞው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚጀመር መስሎት ነበር። የቈየው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነው።

ታጁራ ዛሬ በጅቡቲ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለች፣ በስሟ በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳር የተቀመጠች ጥንታዊት የአፋር ከተማ ናት። በፊቷ ሰማያዊ ባሕር፣ በጀርባዋ የጎዳ ተራራ አለ፤ መስጊዶችዋና ዘንባባዎችዋም በመካከሉ ይታያሉ። ሱልጣንዋ በ1877 ዓ. ም. ከፈረንሳይ ጋራ ስለ ተዋዋለ ጥቂት ወታደሮች ሰፍረውባት ነበር። ራምቦ ሣጥኖቹን በዚህች ዳርቻ ከምሮ ግመል ሲጠብቅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ጠረፍ መሣሪያ እንዳይገባ ተስማሙ። እርሱና ባልንጀራው ለፈረንሳይ ሚኒስትር ማመልከቻ ጽፈው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃድ አገኙ። ነገር ግን ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ። አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቀረ።

እጅግ የሚያስደንቀን ነገር ይህ ነው፤ እርሱ በታጁራ ዳርቻ ከጠመንጃ ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ የግመል ኪራይ በሚከራከርበት በዚያው በ1878 ዓ. ም.፣ በፓሪስ አንድ መጽሔት የወጣትነቱን ግጥሞች እያከታተለ ያትም ነበር። ባለቤቱ አላወቀም፤ ከድካሙም አንድ ሳንቲም አላገኘም።

ሙቀቱ ሲበርድ፣ በ1879 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ቅፍለቱ ተነሣ። መንገዱ በመጀመሪያ ባሕሩን በስተ ግራ አድርጎ ወደ ምዕራብ በጠረፉ ላይ ይሄዳል። የዚህን ጠረፍ መልክ ለማያውቅ ሰው የባሕር ዳር ጕዞ መዝናኛ ይመስለዋል። የታጁራ ጠረፍ ግን እንዲህ አይደለም። አሸዋው አጭር ነው፤ አንዱ የባሕር ወሽመጥ ሲያልቅ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቍር ድንጋይ እስከ ውሃው ይወርዳል፤ ድንጋዩን ወጥቶ ሲወርዱ ሌላ ወሽመጥ፣ ከዚያም ሌላ ድንጋይ ይመጣል። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ናቸው፤ አፋቸውን ሲያቋርጡ የግመሉ እግር በጠጠር ይንሸራተታል። ወደ ጎን እስከ ዓይን ዳርቻ ድረስ ውሃ እየታየ የሚጠጣ ግን የለም። ስለዚህ የቀን ጕዞ የሚለካው በእግር ብርታት ሳይሆን ከጕድጓድ እስከ ጕድጓድ ባለው ርቀት ነው። ጕድጓዱን የሚያውቀውም፣ ማለፊያውን የሚፈቅደውም አፋሩ ነው፤ የአካባቢው ባላባት ሳይስማማና የእርሱ ሰው ፊት ሳይመራ የሚያልፍ ቅፍለት አልነበረም።

በዚህ አኳኋን አምባቦንና ሳጋሎን አለፉ። ከሳጋሎ ወዲያ ባሕረ ሰላጤው ጠብቦ ጉበት አል ኸራብ የሚባለውን ገደል የከበበውን ውሃ ይሠራል። እዚያ ጠረፉ ስለማያስኬድ መንገዱ ባሕሩን ትቶ በቀለጠ ድንጋይ መካከል ወደ አሳል ሐይቅ ይዞራል። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከባሕር ይልቅ እጅግ የጨመረ ጨው ያለበት ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው እንደ በረዶ ነጭ ቢሆንም በረዶነቱ ለዓይን ብቻ ነው። አፋሮች ከዚህ ጨው እየጫኑ ወደ ደጋ ይነግዱ ነበር። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ራምቦ በአንድ ጕዞ ከአፍሪካ ዝቅተኛ ቦታ ወደ ሸዋ ተራራ ራስ ወጣ ማለት ነው።

ይሁንና ስለዚህ መንገድ የመከራውን ብቻ ተናግረን ብናልፍ እውነቱን ግማሽ እናደርገዋለን። ጠመንጃ ሽቅብ በሚወጣበት በዚያው መንገድ ቍልቍል የሚወርድ ሌላ ንግድ ነበር፤ ይኸውም የሰው ልጅ ንግድ ነው። ከደጋው የተፈነገሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በዚሁ ድንጋይ ላይ በእግራቸው ተነድተው፣ በታጁራና በአካባቢዋ ወደቦች ሌሊት በጀልባ ተጭነው ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ራምቦ ራሱ ባሪያ ለመሸጡ ማስረጃ አልተገኘም። ከላይ በጠቀስነው ማመልከቻ ላይም የመሣሪያው ንግድና የባሪያው ንግድ አይገናኙም፤ አውሮጳውያንም በሁለተኛው እጃቸው የለበትም ብሎ ተከራክሯል። ነገር ግን መንገዱ አንድ፣ ጕድጓዱም አንድ ነበር። የእርሱ ጕዞ ስሙ ከታወቀለት በኋላ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ በዚያው ጠረፍ ያለ ፈቃዳቸው የተነዱት ልጆች ጕዞ ግን ጸሓፊ አላገኘም። ይህን ሳያስታውሱ የታጁራን ዳርቻ ማወደስ ተገቢ አይመስለንም።

ከአሳል ወዲያ ያለው የአፋር ሜዳ ረጅም ነው። አዋሽን ተሻግረው የሸዋ በር በሆነችው በፋሬ በኩል አንኮበር ሲደርሱ ጥር ወር ማለቂያው ሆኖ ነበር፤ አራት ወር ገደማ በመንገድ ላይ ቈይተዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ራምቦ የጠበቀው ዕረፍት አልነበረም። ንጉሥ ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ በጨለንቆ ድል ያደረጉት በዚያው ዓመት በገና ሰሞን ነው። የላባቱ መሞት በተሰማ ጊዜም ገንዘብ አለኝ የሚል ሁሉ ቅፍለቱን ከበበው። ከእነዚያም አንዳንዱ እውነተኛ ባለዕዳ የነበረው ሰው ነው፤ አንዳንዱም ዕድሉን የሚሞክር ነበር። የሟቹ ሚስትም የድርሻዋን ጠየቀች። ራምቦ በሟቹ ቤት ያገኛቸውን 34 የማስታወሻ ደብተሮች ሴትዮዋ እየረገመችው ከእሳት እንደ ጣላቸው ራሱ ጽፏል፤ በኋላ ግን ዋጋ ያለው ወረቀት አብሮ መቃጠሉን ተረዳ። የገዛ ግጥሙን ረስቶ የኖረ ሰው የሌላውን ደብተር ማቃጠሉ የሚያሳዝን ነው።

ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ወጣ። በየካቲት ወር መጨረሻ ንጉሡ ከሐረር ሲመለሱ በዓይኑ አየ፤ ፊት ፊት የግብፅ መለከት የሚነፉ ሰዎች፣ ከኋላ ሠራዊቱና ምርኮው፣ በምርኮውም መካከል በብዙ ሸክም ሰዎች የተያዙ ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ። ለሁለት ሺሕ አሮጌ ጠመንጃ ባለቤት ይህ መልካም ምልክት አልነበረም። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ከልዩ ልዩ ነጋዴና ከኢጣልያኖችም መሣሪያ የሚያገኙ፣ ዋጋውንም አሳምረው የሚያውቁ ገዢ ነበሩ። ዕቃውን በጅምላ በቅናሽ ወሰዱት፤ የላባቱንም ዕዳ ከዋጋው ቀነሱ፤ ለቀረውም በሐረር ከደጃዝማች መኰንን የሚከፈል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ መክሰሩን ለፈረንሳይ ቆንሲል አስታውቋል።

በሚያዝያ ወር ራምቦ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦሬሊ ጋራ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ተጓዘ። በነሐሴም ካይሮ ደርሶ እዚያ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ የጕዞውን መግለጫ አወጣ፤ የታጁራውን መንገድ አስከፊነት፣ የሐረሩንም ብልጫ አስረዳ። ይህን ያለው እርሱ ብቻ ባይሆንም የኋላው ዘመን አስተያየቱን አጸደቀለት። በባሕረ ሰላጤው ደቡብ ዳር ጅቡቲ ተቈረቈረች፤ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የታጁራም የግመል መንገድ ዋጋው ወደቀ።

ራምቦ ከ1880 ዓ. ም. ጀምሮ በሐረር የራሱን ንግድ ከፍቶ ቡናና ቆዳ እየገዛ፣ በእንጦጦ ካለው ከስዊሳዊው መሐንዲስ ከኢልግ ጋራ እየተጻጻፈ ኖረ። በ1883 ዓ. ም. ግን ቀኝ ጕልበቱን አመመው። እብጠቱ እየባሰ ሄዶ መቆም አቃተው። በመጋቢት መጨረሻ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ዐሥራ ስድስት ሸክም ሰዎች እየተፈራረቁ በዝናብና በፀሓይ እስከ ዘይላ ጠረፍ ድረስ ተሸከሙት። በግንቦት ወር በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቈረጠ። በሽታው ግን በቀረው ሰውነቱ ተዛመተ፤ በኅዳር ወር መጀመሪያ 1884 ዓ. ም. በ37 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት እኅቱን ለመርከብ ኩባንያ ደብዳቤ አስጽፎ፣ ሰውነቱ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ መሆኑን ገልጾ፣ በስንት ሰዓት ተሸክመው እንዲያሳፍሩት ጠይቋል። በሐረር ላገለገለው ለጃሚም ገንዘብ ተናዞለታል።

ዛሬ በሐረር በስሙ የሚጠራ፣ እርሱ ግን ያልኖረበት ቤት ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ጐብኚዎች ለዋና ይወርዳሉ። እንጦጦ ላይ ግን የእርሱን መምጣት የሚያስታውስ ምልክት አላየንም፤ እንዲቆምለትም መጠየቃችን አይደለም። ወደ ሽሮ ሜዳ ስንመለስ ጭነት እንጨት በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ሲወርዱ አገኘንና መንገድ ለቀቅንላቸው። የእነርሱን መንገድ ኪሎ ሜትር የሚቈጥርላቸው የለም። ራምቦ በወጣትነቱ የጻፈውን እንደ ከንቱ ጥሎ በጠመንጃው ሊከብር ተጓዘ፤ ጠመንጃው አከሰረው፤ የጣለው ጽሑፍ ግን ስሙን አቈየለት። የትኛው ሸክማችን እንደሚቀር በመንገድ ላይ ሳለን አናውቅምና፣ ወጣቶች የሆን ሁሉ የያዝነውን ከመጣላችን በፊት ደግመን ብናየው መልካም ይመስለናል።