በክፉ ቀን የተገኘ ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኛ የሮቢት ወጣቶች ስለ ምጽዋት ስንማር በልባችን የምናስበው አንድ ነገር አለ። ይኸውም መስጠት ላላቸው ሰዎች የታዘዘ ነው፤ እኛ ግን ተማሪዎች ነን፣ ከወላጆቻችን ሞሰብ የምንበላ ነን፣ ሥራ ስንይዝ ያን ጊዜ እንሰጣለን የሚል ነው። ይህ አሳባችን ትክክል መሆንና አለመሆኑን ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ እንመልከት። ንጉሠ ነገሥቱን ሁላችንም የምናውቃቸው በዐድዋ ድል ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ከዐድዋ በፊት ስለ ነበረው ክፉ ቀን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ልጅ ምኒልክ ተማርከው ተወሰዱ። በዚሁ በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወጡ።

ያን ጊዜ ምኒልክ ጦርም ዘውድም ያልነበራቸው ስደተኛ ነበሩ። የተቀበሏቸው የወሎዋ ባላባት ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ወይዘሮ ወርቂት ሙስሊም ነበሩ፤ የገዛ ልጃቸውም በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ሆኖም ስደተኛውን አሳልፈው አልሰጡም፤ ወደ አገራቸው ወደ ሸዋ እንዲሻገሩ ረዷቸው እንጂ። ልጃቸው ግን በመቅደላ ተገደለ። እንግዲህ ምኒልክ ለሌላው ከመስጠታቸው አስቀድሞ ከሌላው የተቀበሉ፣ በሰው እናት ኀዘን ነፍሳቸው የተረፈች ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሸዋን በንጉሥነት ሲያስተዳድሩ ኖሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ይህ ዘውድ የተጫነው ግን በረኃብ መካከል ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን በታሪካችን ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። በምፅዋ በኩል የገባው የኢጣልያ ጦር ከሕንድ አገር ያስመጣቸው ከብቶች በሽታ ይዘው እንደ ገቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ገበሬዎቻችን ይህን በሽታ ደስታ ይሉታል። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የገባበትን በረት ባዶ የሚያስቀር ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ዝናብ ቀረ፤ በቅሎ የተገኘውንም አንበጣና ተምች በላው። እርሻው በበሬ፣ ኑሮው በከብት ለሆነው ለራያ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም የ1966ቱን ረኃብ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በቆረም ሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ ነገር ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል።

በዚህ ክፉ ቀን ምኒልክ የመንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው ለተራበው እህል እንዲሰጥ አደረጉ። ሕዝቡ ከየስፍራው ወደ እንጦጦ ጎረፈ። ሕዝባቸው ከብቱን ባጣበት ጊዜ እርሳቸውም የበሬ ሥጋ ከመብላት ተከለከሉ ይባላል። ይሁን እንጂ ጎተራ ምንም ቢሞላ የሚያልቅ ነገር ነው። በሬ ከሌለ ነገ ማን ያርሳል? ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ይዘው ወደ ማሳ ወጡ፤ በገዛ እጃቸውም ቆፈሩ። በዚያ ዘመን መሬት መቆፈር ለመኳንንት እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ጎንበስ ብለው ሲቆፍሩ እያየ ቆሞ የሚመለከት መኰንን ከየት ይመጣል? መኳንንቱም ሠራዊቱም ዶማ አነሡ።

ሥራቸው ሁሉ ነቀፌታ የሌለበት ነበር አንልም። በዚያው በረኃቡ ዘመን ወታደሮቻቸው ወደ ደቡብ እየዘመቱ የሌላውን ሕዝብ ከብት ይነዱ ነበር። ይህ ረኃብን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ማዛወር እንጂ ምጽዋት አይደለም። ከወንድም ተነጥቆ ለወንድም የሚሰጥ ነገር ደስታ የለውም።

እኛ የምንማረው ከዶማው ነው። ከጎተራ የሚሰጥ ሰው ካለው ላይ ይሰጣል፤ ሲያልቅበት እጁን ያጥፋል። ዶማ ያነሣ ሰው ግን ጉልበቱንና ክብሩን፣ ማለት ራሱን ይሰጣል። የሰራፕታዋ መበለትም ለነቢዩ ኤልያስ ያካፈለችው የመጨረሻዋን እፍኝ ዱቄት ነበር። ክርስቲያናዊ ደስታ ከዚህ የሚገኝ ነው፤ የተቸገረውን ከላይ ሆኖ በማየት ሳይሆን ከጎኑ በመቆም ይገኛል።

ይህንንም በዓይናችን አይተናል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ፣ ለራሳቸው የማይበቃ የማሽላ እንጀራ ይዘው ከቤቱ የተፈናቀለውን ወደ ሞሰባቸው የጠሩ እናቶች ነበሩ። ያ ጊዜ የኀዘን ጊዜ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ሞሰብ ሲያወሩ ግን ፊታቸው ይበራል፤ ቤታቸው ጠግቦ ስላደረበት ቀን እንደዚያ ሲያወሩ አልሰማናቸውም።

እንግዲህ ገንዘብ የለንም ማለት ምክንያት አይሆነንም። በየሰፈራችን ልጅ የሌላቸው፣ ማሽላቸውን አረም የዋጠባቸው ሽማግሌዎች አሉ። ውኃ የሚቀዳላቸው ያጡ አሮጊቶች፣ ደብተር እያላቸው የሚያስጠናቸው ያጡ ሕፃናትም አሉ። ከትምህርት በምንመለስበት በሥራ ቀን ዐሥር ሆነን በደቦ ብንወጣ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይታረማል። በዚያ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ ጉልበታችን ይደክማል፤ ልባችን ግን ደስ ይለዋል። በቃል ከምንማረው ይልቅ ይህን አንድ ቀን ብንሞክረው ይበልጥ እንረዳዋለን።

ክፉው ቀን ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከዚያ ረኃብ የተረፈው ሕዝብ ከንጉሡ ጋር ዐድዋ ላይ ተሰለፈ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል። ረኃብና ችግር ግን ከደጃችን አልጠፉም፤ ስለዚህ የዶማው ሥራ ለእኛም ተርፎልናል።

ከተቸገሩት ጋር ተካፍለን እውነተኛውን ደስታ እንድናገኝ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።